የሹፌሩ ከረሜላ

አንድ ሰው ነበር። መቀመጥ የማይሆንለት ሰው።

ሥራው ደግሞ ቁጭ ብሎ መዋል ነው፤ ሹፌር ነዋ። ጠዋትና ከሰዓት አሥራ አራት ተማሪ በሚኒባስ ያመላልሳል። ስሙን ብነግራችሁ ግማሻችሁ ዞራችሁ ታዩታላችሁ፤ ስለዚህ አልነግራችሁም። ለዛሬ ዴታሞ እንበለው። ሚስቱን ዝናሽ እንበላት። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ኤፍራታ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ባሮክ ደግሞ አምስት። ሁለቱም በአባታቸው መኪና ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ታሪኩን እንድነግራችሁ የፈቀዱልኝ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ናቸው፤ ሐሜት አይደለም።

ዴታሞ ደም ግፊት አለበት። የታወቀውም በአጋጣሚ ነው። መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ ምርመራ ሄዶ ሐኪሙ ሲለካው መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሁለቴ ለካው። መሣሪያው ደህና ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናሽ ጠዋት ጠዋት ከቁርሱ አጠገብ አንዲት ነጭ ኪኒን በስኒ ማስቀመጫ ታቀርብለታለች። "ዋጥ" ትለዋለች፤ ይውጣል፤ ይወጣል። ጨውም ቀነሰችበት። እሱ ወጡ ጣዕም የለውም ብሎ ሲያጉረመርም፣ አንተም ስትሞት ጣዕም አይኖርህም ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ሁለት ዓመት በሰላም ኖሩ።

ይህን ልብ በሉልኝ። በሰላም ኖሩ። አንዲት ኪኒን፣ አንዲት ስኒ ማስቀመጫ፣ አንዲት ነገረኛ ሚስት። ሰውዬው ደህና ነበር።

ከዚያ የሦስት ቀን ጉባኤ መጣ። አስታወሳችሁ አይደል? አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ የሰማበት ጉባኤ ነው። በሦስተኛው ቀን ለታመሙ ተጸለየ። ዴታሞም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ሙቀት ተሰማው። ጭንቅላቱ ቀለለው፣ እንባውም መጣ። ውሸት አልነበረም፤ የተሰማው ነገር ተሰምቶታል፤ እኔ አልክድበትም።

በሚቀጥለው እሁድ ምስክርነት ያለው ይምጣ ተባለ፤ ወጣ። ማይኩን የሰጠሁት እኔ ፓስተራችሁ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ በሌላ ሰው ላይ ጣቴን የምቀስር እንዳይመስላችሁ።

ዴታሞ መናገር አይወድም። ጌታ ረድቶኛል፣ ቀሎኛል፣ ተመስገን ብሎ ሊወርድ ነበር የወጣው። ግን ታውቁታላችሁ እኛን። "ቀሎኛል" አይበቃንም። እኔ ራሴ ጠጋ ብዬ "ተፈውሻለሁ በል እንጂ" አልኩት። ተፈውሻለሁ አለ። አዳራሹ እልል አለ። እልልታው ሲመጣ ደግሞ ሰውዬው ሊል ያላሰበው ነገር ከአፉ ወጣ፤ "ከዛሬ ጀምሮ ኪኒን የሚባል አላውቅም" አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዝናሽ ከመዘምራኑ መሃል ሆና ከሁሉ በላይ እልል ያለችው እሷ ነበረች።

አሜን አትበሉ። ገና አልጨረስኩም።

ሰኞ ጠዋት ስኒ ማስቀመጫው አልመጣም። ዝናሽ የቀሩትን ኪኒኖች ለጎረቤታቸው ለአንዲት አሮጊት ሰጥታቸዋለች፤ እሳቸውም ግፊት አለባቸውና ጽድቅ መስሏት ነው። ስንቶቻችን ነን የራሳችንን መድኃኒት ለጎረቤት የምናድል? እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዴታሞ ቁርሱን በላና ባዶውን ጠረጴዛ አየ፤ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ምን ይበል? ትናንት በሺህ ሰው ፊት የተናገረ ሰው ነው።

አንድ ሳምንት ደህና ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ጆሮው መጮህ ጀመረ። ማጅራቱን የሆነ ነገር ጨምድዶ ይይዘዋል። አንዳንዴ ከፊቱ ያለው መንገድ ሁለት ይሆንበታል። ያኔ መኪናውን ዳር ያወጣና ጎማ ያየ መስሎ ይወርዳል፤ ልጆቹ ከኋላ እየዘፈኑ እሱ ጎማውን ይዞ ይቆማል። ፈተና ነው ይላል ለራሱ፤ ምልክቱን አልቀበልም ይላል።

ያን ጊዜ ነው እረፍት የሚባል ያጣው። መኪናውን ገና ሳይነጋ ያጥባል፤ ሊሄድ ሲል ደግሞ ያጥባል። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከኋላ ቆሞ ነው የሚሰማው። ቁጭ ካለ ልቡ ሲመታ በጆሮው ይሰማዋላ። ልጆቹን ያለ ነገር ይቆጣል። እራት ላይ ሁለቴ ሦስቴ ተነስቶ በሩን ያያል። ዝናሽ ምን ሆነሃል ብትለው መልሱ አንድ ነው። "ደህና ነኝ፤ ጌታ ይመስገን።"

ምን ያምር መልስ ነው። ስንት ሬሳ ሸኝተናል በዚህ መልስ?

ሆስፒታል ለምን አልሄደም ትሉኝ ይሆናል። እዚያ የግፊት ሕመምተኞችን የምትከታተለው ሲስተር አይናለም ናት። ሲስተር አይናለም ደግሞ ከእኛው ጋር ነው የምታመልከው። ዴታሞ ሲመሰክር ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እንዴት ብሎ ፊቷ ይቆማል? እጁን ዘርግቶ ለኪኝ ሲላት ምን ታስባለች? እግዚአብሔርን ውሸታም ያደረገ መሰለው። ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ በዚህ ከእኔ ጋር የሚከራከር የለም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የተፈወሰ ሰው መለካትን ለምን ይፈራል?

በስተመጨረሻ ቅዳሜ ቀን ጎማ ልገዛ ነው ብሎ ጎረቤት ከተማ ሄደ። ማንም በማያውቀው ክሊኒክ ተለካ። መቶ ዘጠና በመቶ ሃያ። ሐኪሙ "እርስዎ ነዎት እዚህ ድረስ እየነዱ የመጡት?" ብሎ ጠየቀው። ኪኒን አዘዘለት፤ ለባለቤትዎ ይንገሩ፣ በቀን በቀን ይውሰዱ፣ በሳምንትዎ ይመለሱ አለው። ዴታሞ ሁሉንም እሺ አለ።

ሲመለስ መንገድ ላይ ቆመና ኪኒኖቹን ከማሸጊያቸው አንድ በአንድ ፈለፈላቸው። ማሸጊያው ቢገኝ ይታወቃልና ጣለው። ኪኒኖቹን በባዶ የማስቲካ ዕቃ ውስጥ ጨምሮ ጋቢና ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀመጠ። ብልህ ነኝ አለ። ጎማውን ግን ረሳው። ዝናሽ ጎማውስ ስትለው አልነበረም አላት።

አንድ ውሸት ሁለተኛውን ጎትቶ አመጣ፤ አያችሁ? እሷም አየችው። አየችው እንጂ ምንም አላለችም። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

አሁን ታዲያ አረፈ? አላረፈም። የዋጠ ቀን እምነቴን ካድኩ ብሎ ይብሰለሰላል፤ ያልዋጠ ቀን ዛሬ ነው የምሞተው ብሎ ይፈራል። ሁለት ቀን ይውጥና ሦስት ቀን ይተዋል። ግፊቱ ሲወጣ ሲወርድ እሱም አብሮ ሲወጣ ሲወርድ አንድ ወር አለፈ። መኪናው ውስጥ አሥራ አራት ልጆች አሉ፤ ሁለቱ የራሱ ናቸው። የአሥራ አራት ቤት እናቶች ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸውን በዚያ ሰው እጅ እያስረከቡ እግዚአብሔር ያግባህ ይሉታል።

አንድ ጠዋት ኤፍራታ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጣ ሳለ ሲውጥ አየችው። አባዬ ምንድነው አለችው። ደነገጠ። አንደበቱ ላይ የመጣለትን ወረወረ።

"የሹፌር ከረሜላ ነው።"

"ለእኔስ?"

"ለሹፌር ብቻ ነው።"

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አባትና ልጅ አብረው ሳቁ። እሷም ይህችን ጨዋታ ሄዳ ለወንድሟ ነገረችው። ባሮክን ደግሞ ስታድግ ምን ትሆናለህ በሉት፤ ሐኪም አይላችሁም፣ ፓይለት አይላችሁም። ሹፌር ነው መልሱ። እንደ አባቱ።

ማክሰኞ ነበር። ዴታሞ አንዲት ተማሪ ሊያነሳ አንድ ግቢ በር ላይ ቆመ። የልጅቷ እናት ስለ ከሰዓቱ መመለሻ የምትነግረው ነገር ነበራትና ወረደ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያ መሃል ባሮክ ከኋላ ወንበር ተንፏቆ ወደ ጋቢና ተሻገረ፤ ዳሽቦርዱን ከፈተ፤ የማስቲካውን ዕቃ አገኘ። አራት ዋጠ። ኋላ ሲጠየቅ መራራ ነው አለ። መራራ ከሆነ ለምን ዋጥክ ቢሉት ሹፌር ልሆን ነዋ አለ።

ወደ አራት ሰዓት ግድም ከትምህርት ቤት ተደወለ። ባሮክ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አልነቃ ብሏል፤ ከንፈሩ ገርጥቷል። መምህሯ በባጃጅ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ዝናሽ በቤት ጫማ ሮጣ ደረሰች። ዴታሞም መኪናውን አቁሞ ገባ። ልጁ አልጋ ላይ ነው። ሲስተር አይናለም ተረኛ ነበረች፤ የልጁን ክንድ አስራ ደም ሥር ትፈልጋለች፤ አልገኝ ብሏታል። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት፤ ጥያቄዋን ታከታትላለች። ወድቋል? አልወደቀም። አስታውኳል? አላስታወከም። ምን በላ? ዳቦ በሻይ።

"ቤታችሁ ውስጥ መድኃኒት አለ? የስኳር፣ የግፊት፣ የአይጥ መርዝ፣ ምንም ይሁን። ካወቅን ነው ቶሎ የምንረዳው።"

ዝናሽ ቀና አለች። በሙሉ ልቧ ነው የመለሰችው። "የለም፣ ዶክተር። ባለቤቴ ግፊት ነበረበት፤ ጌታ ፈውሶታል። ቤታችን መድኃኒት ከገባ ሁለት ወር አልፎታል። ሲስተር ራሷ ምስክር ናት።"

ሲስተር አይናለምም ራሷን ነቀነቀች።

ዴታሞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዳሽቦርዱ ታወሰው፤ የሹፌር ከረሜላ ታወሰው። ሁሉንም አወቀ። አንድ ቃል ነው የሚጠበቅበት። እና ዝም አለ።

አትፍረዱበት። ልጁን እያየ ዝም አለ። አባት አይደለም እንዴ? አባት ነው፤ ሕይወቱን ለልጁ የሚሰጥ አባት ነው። ሕይወቱን ይሰጣል፤ ስሙን መስጠት ግን ከሞት ከበደው። አፌን ብከፍት ምን ይሉኛል አለ። ሚስቴ በሰው ፊት ታፍራለች አለ። ይህን ሁሉ ልጁ እየገረጣ እሱ ያስባል። ምን ያህል ቆየህ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ፓስተር፣ አንድ መዝሙር ከነአዝማቹ የሚያልቅበት ያህል መሰለኝ አለኝ። ሲስተር አይናለም ግን ሁለቴ ወግታ ደም ሥሩን እስክታገኝ ነው ትላለች። ለአባት ልብ ያ መዝሙር ዛሬም አላለቀም።

ከዚያ ተናገረ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

"መኪናዬ ውስጥ የግፊት ኪኒን አለ። የኔ ነው። እኔ አልተፈወስኩም።"

ዶክተሯ እንደ እኛ አይደለችም። ሰዓቱን አየች፣ ስንት ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል አለች፣ ዕቃውን አምጣ አለች። ሮጦ አመጣ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሩጫ አልተርክላችሁም። ልጁ ሁለት ቀን ከነግሉኮሱ ተኝቶ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ጠየቀ። ተረፈ። ዶክተሯ ምን አለች መሰላችሁ? ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አላውቅም አለች።

አሁንም አሜን አትበሉ። ትልቁ ነገር ገና ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዴታሞ ስድቡን እየጠበቀ ነበር። ስድብ የሚገባው ሰው ስድብ ሲዘገይበት ይጨንቀዋል፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ዝናሽ ጉልበቱ ላይ እጇን አድርጋ ያዘችው።

"አውቄ ነበር" አለችው።

ምኑን አላት።

"እንደታመምክ። ጎማ ልትገዛ ሄደህ ባዶህን ስትመለስ አውቄያለሁ። ማጅራትህን ስትይዝም አይሃለሁ። ግን እልል ያልኩት እኔ ነኝ። መድኃኒትህን አንስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ ልጠይቅህ?"

ሰማችሁ? እሱ እሷ እንዳታፍር ደበቃት። እሷ እሱ እንዳያፍር አልጠየቀችውም። በአንድ አልጋ እየተኙ፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ ሁለት ወር ሙሉ እየተከባበሩ ሊገዳደሉ ነበር። በመካከላቸው የነበረውን ዝምታ የዋጠው ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ነው።

ዴታሞ ልጁ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ወደ እኔ መጣ። ማይኩን ስጡኝ፣ እንደገና ልመስክር፣ የሆነውን ሁሉ ልናገር አለ። ሽማግሌዎች ተሰበሰብን። ደካሞች ይሰናከላሉ ተባለ። ጉባኤው ይታማል ተባለ። ትንሽ ይቆይ አልን። እኔም ይቆይ ካሉት አንዱ ነኝ። ተፈውሻለሁ በል ስለው አንድ ደቂቃ ያላስጠበቅሁትን ሰው አልተፈወስኩም ሊል ሲመጣ አራት ወር አስጠበቅሁት። በነዚያ አራት ወራት ሁለት እህቶች የእሱን ምስክርነት አምነው ኪኒናቸውን ጥለው እንደነበር የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው። አንደኛዋ ነፍሰ ጡር ናት። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚያ ነው፤ ጎበዝ ሆኜ አይደለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር አባቶቻችን። ስለ ሰውነት ነው የተናገሩት። እኔ ግን ስለ ትዳርም ስለ ቤተ ክርስቲያንም ይመስለኛል።

እስቲ እንነጋገር። እዚህ የተቀመጣችሁ ባሎች፣ ሚስታችሁ የማታውቀው የሐኪም ወረቀት የት አለ? ኪሳችሁ ውስጥ? መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ? ሚስቶች፣ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ ብላችሁ ለጓደኛችሁ ነግራችሁ ለባላችሁ ያልነገራችሁ የላችሁም? ቤቱ እንዳይረበሽ ነው ትሉኛላችሁ። ቤቱ መረበሹን ልጆቻችሁ ያውቃሉ። ኤፍራታ ታውቅ ነበር፤ አባዬ ለምንድነው መኪናውን ሁለቴ የሚያጥበው ብላ እናቷን ጠይቃታለች። ልጅ ይሰማል፤ ያልነገራችሁትን ደግሞ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። እናንተ ከረሜላ ትሉታላችሁ፣ እሱ አምኖ ይውጠዋል።

እምነት ማለት ምን እንደሆነ ስንት ጊዜ አስተማርኳችሁ? ዛሬ ደግሞ ይህን ልጨምርላችሁ። እግዚአብሔር የናንተን ገበና በመሸፋፈን አይከብርም። እሱ ጠበቃ አድርጎ አልቀጠራችሁም። ኪኒን የዋጠ ሰው እምነት የለውም ያላችሁ ካለ፣ እኔን ጨምሮ፣ ይቅርታ ይጠይቅ። የተፈወሰ ሰው ደግሞ ደስ ብሎት ይለካ፤ ቁጥሩ አብሮት ይመስክርለት። ቁጥሩ ካልመሰከረ ጸሎታችንን እንቀጥላለን፣ ኪኒኑንም እንቀጥላለን። በዚህ የሚሰናከል ካለ መጥቶ ከእኔ ጋር ይነጋገር።

ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ ልጆች ወደ ጨዋታቸው ሳይበተኑ፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ሰውነትህ እንዴት ነው፣ ሰውነትሽ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን ይላችኋል። ጌታ ይመስገን፤ ግን ተነስታችሁ አትሂዱ። እዚያው ተቀምጣችሁ ሁለተኛ ጠይቁ። ዝም ካለ ሦስተኛ ጠይቁ።

እኔ ትናንት ባለቤቴን ሦስቴ አስጠየቅኋት። በሦስተኛው ነገርኳት። የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ካወቅሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል፤ ይኸው አሁን እናንተም ሰማችሁ።